የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የሆላንድ ገበሬዎቹ ስዕል በእጅ ነው የተሳለው?

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች፣ ባህር ዳር ሐይቁ ዳር ያለ ፔንሲዮን ውስጥ ሪሴፕሽን ነው የምሰራው። አንድ የሆላንድ እንግዳ ሲሄድ በፍሬም ያለች ትንሽ ጥቁርና ነጭ ስዕል ሰጠኝ፣ የገበሬ ቤተሰብ ከምግብ በፊት ሲጸልይ ያሳያል፣ ኦስታደ የሚባል ሰው በ1653 የሰራው ነው አለኝ። ጓደኞቼ ፎቶ ኮፒ ነው ይሉኛል። በእጅ የተሳለ ነው ወይስ የታተመ? ደሞ የኛን ሰውስ እንዲህ መስራት ይቻላል?

መልስ፦ ሰላም እህታችን። አድሪያን ፋን ኦስታደ ሀርለም ከተማ በ1610 ተወልዶ እዛው በ1685 የሞተ ሰዓሊ ነው (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)፣ ከቀለም ቅቡ ሌላ 50 ገደማ ኢቺንግ (አሲድ በበላው የመዳብ ሰሌዳ የሚታተም ስዕል) ሰርቷል፣ ያንቺ ላይ ያለውም ስዕል ከነሱ አንዱ ነው። ስለዚህ ስራው ራሱ ሕትመት ነው፣ ግን ሰሌዳው በእጅ የተሳለ ሕትመት። የመዳብ ሰሌዳ ሰም ይቀባል፣ ሰዓሊው ሰሙን በመርፌ እየጫረ ይስላል፣ ከዛ አሲድ ውስጥ ሲገባ አሲዱ የተጫረውን ብቻ ይበላዋል፣ ሰሙ ተነስቶ ቀለም ይቀባና ላይ ላዩ ይጠረጋል፣ መስመሮቹ ውስጥ የቀረውን ቀለም እርጥብ ወረቀት በመጭመቂያ ተጭኖ ስቦ ያወጣዋል። ስዕሉ ግራ ቀኙ ተገልብጦ ስለሚወጣ ስሙን እንኳ ገልብጦ ነው ሰሌዳው ላይ የሚጽፈው።

አሁን ፍሬሙን ቀስ ብለሽ ክፈቺና በሞባይል ካሜራ አቅርበሽ እይው። መስመሮቹ በጥቃቅን ነጠብጣብ የተሰሩ ከሆነ በዘመኑ ማሽን የታተመ ኮፒ ነው። መስመሩ ሙሉ ከሆነና በስዕሉ ዙሪያ ሰሌዳው ወረቀቱን ተጭኖ የተወው ጠርዝ ካለ ደስ ይላል፣ ግን ያም ብቻውን አይበቃም፣ ሰሌዳዎቹ እሱ ከሞተ በኋላም ሲታተምባቸው ስለኖሩ መዳቡ አልቆ መስመሩ የሳሳ ቅጂ ብዙ ነው። አምስተርዳም ያለው ራይክስ ሙዚየም የኦስታደን ኢቺንጎች በነጻ ኢንተርኔት ላይ ስላስቀመጠ ጎን ለጎን አስተያዪው። እስከዛው ፕላስተር አትለጥፊበት፣ ፀሐይና የሐይቁ እርጥበት ከሚያገኘው ግድግዳም አርቂው፣ ወረቀት ይሻግታል።

ዋጋው ምንም ይሁን ምን ግን እኔ ይሄን ስራ በጣም ነው የምወደው። ኦስታደ በወጣትነቱ የሚስላቸው ገበሬዎች ሰክረው የሚደባደቡ፣ ፊታቸው የተጋነነ፣ ሰው እንዲስቅባቸው የተሳሉ አይነት ናቸው፣ እየቆየ ሲሄድ ግን እጁም ዓይኑም ረጋ አለ፣ ጎስቋላ ቤት ውስጥ ያለ ቤተሰብ ሲጸልይ ሲስል በማንም አላሾፈም፣ ለድሃው ማዕድ ለሀብታም ምስል የሚሰጠውን ያህል ጥንቃቄ ሰጠው። ይሄ ነው ትልቅነቱ ለኔ።

የኛንማ ለምን አይቻልም! ደንገል እያሰረ ታንኳ የሚሰራው ሰውዬ አለ፣ ዘጌ ቡና የሚያሰጡት እናቶች አሉ፣ ቅዳሜ ገበያ አለ፣ ብቻ ለቱሪስት ፖስት ካርድ ብለሽ አታሳምሪያቸው፣ እጃቸው ምን እንደሚሰራ ቁጭ ብለሽ እዪ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያለው የ«አለ ፈለገ ሰላም» የሥነ ጥበብ ት/ቤት የሕትመት ጥበብ ያስተምራል። እቤት ከሆነ ግን አሲዱን ተዪው፣ ጭሱም ቃጠሎውም አደገኛ ነው፣ ጠንካራ ፕላስቲክ ላይ በሹል ብረት በቀጥታ ጭረሽ ቀለም መቀባትና ማተም ይቻላል፣ መስመሩ ቶሎ ስለሚያልቅ ጥቂት ቅጂ ብቻ ነው የሚሰጥሽ፣ ለመጀመሪያ ግን ይበቃል።