ጥያቄና መልስ፦ አካላዊና ኬሚካዊ ለውጥን ለልጆች ማስተማር

ሰላም ለሁላችሁ። ጎንደር ውስጥ ኬሚስትሪ ሳስተምር 26 ዓመት ሆነኝ። ዛሬ ማታ የጠየቃችሁኝን እመልሳለሁ። አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልበል። የሁለቱ ለውጦች መለያ «አዲስ ቁስ ተፈጠረ ወይ?» የሚለው ጥያቄ ነው፤ ከተፈጠረ ኬሚካዊ፣ ካልተፈጠረ አካላዊ። ቀለም፣ ሽታ፣ አረፋ፣ ሙቀት፣ እነዚህ ሁሉ ምልክቶች ናቸው፤ ብቻቸውን አይበቁም።

መምህርት፣ አዘዞ፦ እንደምን አመሹ መምህር። ልጆቼ «የሚመለስ ከሆነ አካላዊ፣ የማይመለስ ከሆነ ኬሚካዊ» ብለው ሸምድደዋል። ልክ ነው?

መልስ፦ አይደለም እህቴ። ጤፍ ወፍጮ ቤት ገብቶ ዱቄት ሲሆን ማን ወደ ፍሬ ይመልሰዋል? ዱቄቱ ግን ያው ጤፍ ነው። ለውጡ አካላዊ ነው።

ተቃራኒውን ለማሳየት ልጆቹን ፋሲል ግቢ ውሰጃቸው። የግንቡን ድንጋዮች ያያያዘው ኖራ ነው። የኖራ ድንጋይ ማለት ካልሲየም ካርቦኔት ነው። ወደ 900 ዲግሪ በሚጠጋ እሳት ሲቃጠል፣ ከ100 ኪሎ ንጹሕ ድንጋይ 44 ኪሎው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ አየር ላይ ይበተናል። 56 ኪሎ ካልሲየም ኦክሳይድ ይቀራል። ይሄ ውሃ ሲነካው ይንተከተካል፣ እንፋሎት ያወጣል፣ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ይሆናል። ከአሸዋ ጋር ተቦክቶ ድንጋይ መካከል ሲገባ ደግሞ ከአየር ላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቀስ እያለ ይወስዳል። ውሃውን ይለቃል፣ ይጠነክራል። አሁን ምን ሆነ? ካልሲየም ካርቦኔት! ከተነሳበት ተመልሶ ገባ። ሦስቱም ለውጦች ኬሚካዊ ናቸው። ታዲያ «ኬሚካዊ ለውጥ አይመለስም» የሚል ልጅ ይሄን ግንብ ምን ይለዋል? እኔ ይሄን ትምህርት ግንቡን ሳላስነካ አስተምሬ አላውቅም።

አደራ፦ ውሃ ያልነካው ኖራ ክፍል ውስጥ አይግባ። ዓይን ያጠፋል።

ጀማሪ መምህር፣ ማራኪ፦ ይሄን ትምህርት እንዴት ባስተምር ይሻላል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እንዲህ በደፈናው ከሆነ ምን ብዬ ልመልስ? ስንተኛ ክፍል ነው? ስንት ልጆች ናቸው? ምን ዕቃ አለህ?

ጀማሪ መምህር፣ ማራኪ፦ ይቅርታ መምህር። ሰባተኛ ክፍል፣ 60 ልጆች። ቤተ ሙከራ የለንም።

መልስ፦ አሁን ገባኝ። በውሃ የጠፋ ኖራ (ያን ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ) ትንሽ ውሰድ። በሃይላንድ ውሃ በጥብጠህ ክደነውና አሳድረው። ጠዋት ከላይ የጠለለውን ብቻ ቅዳ። በሌላ ሃይላንድ ለብ ያለ ውሃ፣ ስኳርና እርሾ ጨምር። ክዳኑን ብሳና አዲስ የጉሉኮስ ቱቦ አስገባ፤ ዙሪያውን በሊጥ ድፈነው። የቱቦውን ጫፍ የኖራው ውሃ ውስጥ ንከረው። ከቆይታ በኋላ ውሃው ወተት ይመስላል። እርሾው ያወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከኖራው ጋር ሲገናኝ ነው፤ ያ ነጭ ነገር ካልሲየም ካርቦኔት ነው። ጠላ ሲጠነሰስ የሚወጣውም፣ የእንጀራ ሊጥ ሲቦካ የሚወጣውም ያው ጋዝ መሆኑን ንገራቸው። ቤታቸው ሄደው እናታቸውን ይጠይቃሉ።

ኖራውን የምትነካው አንተ ብቻ ሁን። ዓይን ላይ ከረጨ ቶሎ በብዙ ውሃ ማጠብ፣ ከዚያ ሐኪም ቤት መሄድ ነው።

ወላጅ፣ ፒያሳ፦ ቡና ማፍላትስ ከየትኛው ነው?

መልስ፦ መቁላቱ ኬሚካዊ። መውቀጡ አካላዊ።

አንባቢ፣ አራዳ፦ ጨው ውሃ ውስጥ ሲሟሟ ኬሚካዊ ነው ባይ ነኝ። አዮኖቹ፣ ማለትም ጨው የተሠራባቸው ቻርጅ ያላቸው ቅንጣቶች፣ ይለያያሉ።

መምህርት፣ አዘዞ፦ ውሃው ሲተን ጨው ይመለስ የለ?

አንባቢ፣ አራዳ፦ መመለስ መለያ አይደለም ተባለ እኮ አሁን!

ጡረተኛ፣ ፒያሳ፦ ጨውስ አሞሌ ነበር። ከአፋር በግመል ተጭኖ የሚመጣው። የዛሬው ምን ጣዕም አለው?

ወላጅ፣ ፒያሳ፦ አባባ፣ አዮዲን የሌለው ጨው እንቅርት ያመጣል ይባላል።

ጡረተኛ፣ ፒያሳ፦ እኛ በልተነው አደግን፤ ምንም አልሆንን።

መልስ፦ ኧረ ወደ ጉዳያችን! የእንቅርቱ ነገር እውነት ነው፤ አዮዲን ያለውን ግዙ። አራዳ ያለኸው፣ ጥሩ ይዘሃታል። ግን አዮኖቹ ጨው ውስጥ ቀድሞም ነበሩ። ውሃው ለያያቸው እንጂ አልፈጠራቸውም። ስለዚህ አካላዊ እንላለን። አከራካሪ ስለሆነ ለፈተና ባታወጡት እመርጣለሁ።

መምህር፣ ቆላ ድባ፦ ውሃ ሲፈላ አረፋ አለው። ልጆች ኬሚካዊ ነው ይሉኛል።

መልስ፦ አረፋው ራሱ ውሃ ነው፤ ተን የሆነ ውሃ። ቀዝቃዛ ክዳን ግጠምበትና ጠብታውን አሳያቸው። መጽሐፉ 100 ዲግሪ ይላል እንጂ ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃችን 93 አካባቢ ይፈላል። ቴርሞሜትሩ ተበላሸ ብለህ እንዳትጥለው።

ተማሪ፦ ስለዚህ የማይመለስ ነገር ሁሉ ኬሚካዊ ነው ማለት ነው?

መልስ፦ ልጄ፣ ከላይ ያለውን አንብብ። የጤፉን።

ተማሪ፦ ከዚህ ለፈተና ምን ይወጣል?

መልስ፦ የፈተና ግምት አልሰጥም።

መምህርት፣ አዘዞ፦ የኖራውን ሙከራ ባለፈው ዓመት ሞክሬው ነበር መምህር። ውሃው ጭራሽ አልነጣም። ኖራው ግቢ ውስጥ በክፍት ጆንያ የከረመ ነው።

መልስ፦ በይ ምክንያቱ እሱ ነው! ሲከርም አየሩን እየሳበ ጆንያው ውስጥ ካልሲየም ካርቦኔት ሆኗል። ግንቡ ላይ የሆነው ነው የሆነብሽ። አሮጌውን አትጣይው፤ ከአዲሱ ጎን አስቀምጪና በሁለቱም ሞክሪ። ልጆቹ አንዱ ለምን እንደነጣ፣ ሌላው ለምን እንዳልነጣ ራሳቸው ይከራከሩበት። አዲሱን በክዳን ያዢው። ዓይናቸውን አደራ።