አፕዴቱ አልገባ ሲል፦ ፎርማት ከማድረጋችሁ በፊት ጠይቁኝ

ሰላም ለሁላችሁ። የቤት ኮምፒውተር ስጠግን ዓመታት አልፈዋል። እስካሁን የሚያሳዝነኝ፣ አንድ አፕዴት እምቢ ስላላቸው ብቻ ፎርማት አስደርገው የልጆቻቸውን ፎቶ ያጡ ሰዎች ናቸው። አብዛኛው ችግር ያለ ፎርማት ይፈታል። ስለ ዊንዶውስ አፕዴት ያላችሁን ጠይቁ። የስህተት ቁጥር ካለ አንድም አኃዝ ሳይጎድል ጻፉልኝ፤ ከፊቱ ያለችውን «ዜሮ ኤክስ» ብትተዉት ችግር የለውም።

ጥያቄ፦ «ኮምፒውተሩን አታጥፋ» የሚለው ጽሑፍ 30 ፐርሰንት ላይ ከቆመ ሁለት ሰዓት ሆነው። ላጥፋው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አሁን አታጥፋው። ፐርሰንቱ የሰዓት መለኪያ አይደለም፤ 30 ላይ አንድ ሰዓት ቆሞ የቀረውን በአምስት ደቂቃ ሊጨርሰው ይችላል። በዚያ ሰዓት ዊንዶውስ ራሱ የሚሠራባቸውን ፋይሎች በአዲስ እየተካ ነው። ሪስታርት የሚጠይቀውም ሥራ ላይ ያለ ፋይል መተካት ስለማይችል ነው። ዲስክህ የሚሽከረከረው የድሮው ዓይነት ከሆነ፣ በኤስኤስዲ (የማይሽከረከረው ፈጣኑ ዲስክ) ሃያ ደቂቃ የሚፈጀው ሥራ ሰዓታት ሊወስድ ይችላል። የዲስኩን መብራት ተመልከት፤ ብልጭ ድርግም ካለ እየሠራ ነው።

ቻርጀሩን ሰክተህ ተኛ። ጠዋትም እዚያው ቁጥር ላይ ካገኘኸውና መብራቱም ጸጥ ካለ፣ ማብሪያውን አስር ሰከንድ ያህል ተጭነህ አጥፋና መልሰህ አብራው። ብዙውን ጊዜ የጀመረውን ሰርዞ ወደ ቀድሞው ይመለሳል። «ለውጦቹን እየመለስኩ ነው» ሲልህ ግን እባክህ ሁለተኛ አታቋርጠው። እኔ ጋ ጨርሰው አልነሳ ብለው ከመጡት ብዙዎቹ በዚህኛው ሰዓት የተነቀሉ ናቸው።

ጥያቄ፦ 80070070 የሚል ቁጥር ያመጣብኛል። ቫይረስ ይሆን? ደክሞኛል፣ ልጆቹ ደግሞ ላፕቶፑን ይፈልጉታል።

መልስ፦ ቫይረስ አይደለም እህቴ፤ ዲስክሽ ሞልቷል። በ8007 የሚጀምር ኮድ ስታዪ፣ የመጨረሻዎቹ አራት አኃዞች የቆየ የዊንዶውስ ስህተት ቁጥር ናቸው፤ የተጻፉት ግን በአስራ ስድስት መሠረት በሚቆጠር አቆጣጠር ነው። 0070 በእኛ አቆጣጠር 112 ይሆናል፤ ትርጉሙ «ዲስኩ ላይ በቂ ቦታ የለም» ነው። 0002 ቢሆን የሚፈለገው ፋይል አልተገኘም፣ 0005 ቢሆን ፈቃድ ተከልክሏል ማለት ነው።

ሴቲንግ፣ ሲስተም፣ ስቶሬጅ፣ ቴምፖራሪ ፋይልስ ብለሽ ግቢና አጽጂ። ዝርዝሩ ውስጥ «ዳውንሎድስ» የሚል ካየሽ ሳትመረምሪ እንዳትመርጪው፤ ያወረድሽው ሁሉ አብሮ ይሄዳል። እኔ ለትልቁ የዓመቱ አፕዴት 20 ጊጋባይት ነፃ ቦታ ካላየሁ አልጀምርም። ማጽዳቱ ካልበቃ፣ 10 ጊጋባይት ወይም ከዚያ በላይ ነፃ ቦታ ያለው ፍላሽ ስትሰኪ ዊንዶውስ ለጊዜው ሊጠቀምበት ይችላል።

ጥያቄ፦ ዊንዶውስ 10 ነው። ኬቢ5034441 የሚባለው 80070643 እያለ አይገባም። ሲ ድራይቭ ላይ 100 ጊጋ ባዶ አለኝ እኮ!

መልስ፦ በዚህ ኮድ ብዙ ሰው ተንከራቷል። 0643 ማለት 1603 ነው፤ «ተከላው አልተሳካም» ከማለት በቀር ምክንያቱን አይናገርም። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2024 የወጣው ይህ አፕዴት የሚነካው ሲ ድራይቭን ሳይሆን ተደብቆ የተቀመጠውን የሪከቨሪ ፓርቲሽን፣ ማለትም ዲስኩ ላይ ለጥገና የተለየውን ክፍል ነው። እዚያ 250 ሜጋባይት ነፃ ቦታ ይፈልጋል፤ ብዙ ኮምፒውተሮች ላይ ደግሞ ያን ያህል አልተተወም። ስለዚህ ሲን ብታጸዳ ባታጸዳ ለውጥ የለውም።

ማይክሮሶፍት ፓርቲሽኑን በእጅ የማስፋት መመሪያ አውጥቷል። አፕዴቱ የሚደፍነው ቀዳዳ ግን ኮምፒውተሩ እጁ የገባ ሰው ቢትሎከርን (ዲስኩን በቁልፍ የሚቆልፈውን የዊንዶውስ መከላከያ) እንዲያልፍ የሚያስችለውን ነው። ዲስክህ በቢትሎከር ካልተቆለፈ፣ በእኔ አስተያየት ለዚህ ብለህ ፓርቲሽን መቁረጥ ውስጥ አትግባ። ከተቆለፈ ግን ፋይልህን ሌላ ቦታ ገልብጠህ መመሪያውን ተከተል።

ጥያቄ፦ ያው አፕዴት ይወርዳል፣ ይከሽፋል፣ እንደገና ይወርዳል። ዳታዬን ጨረሰው።

መልስ፦ አብዛኛውን ጊዜ የወረደው ፋይል ተበላሽቶ ነው። መፍትሔ እስክታገኝ ኔትወርኩን በሴቲንግ «ሚተርድ» (ዳታው የተገደበ) አድርገው፣ ዳታህ ይተርፋል። ቀንና ሰዓቱን አስተካክል፤ ሰዓት ሲዛባ የሰርቨሩ ሰርተፍኬት ጊዜው ያለፈበት ይመስልና ግንኙነቱ ይከለከላል። ቪፒኤን ካለ አጥፋ። ከዚያ ሰርቪስስ ውስጥ ገብተህ የዊንዶውስ አፕዴትን ሰርቪስና ከበስተጀርባ የሚያወርደውን «ቢትስ»ን አቁም፤ ዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ ያለውን «ሶፍትዌር ዲስትሪቢዩሽን» ፎልደር ስሙን ቀይረውና ሪስታርት አድርግ። አትደንግጥ፣ ዊንዶውስ አዲስ ይሠራል፤ የምታጣው የአፕዴት ታሪኩን ዝርዝር ነው። ሚተርዱን ማንሳት አትርሳ።

ይህም ካልሠራ የሲስተም ፋይሎቹ ራሳቸው ተጎድተው ይሆናል። ብዙ ሰው ኤስኤፍሲን (የተበላሹ የሲስተም ፋይሎችን የሚተካ፣ በኮማንድ ፕሮምፕት የሚጻፍ ትእዛዝ) በ«ስካን ናው» ብቻ ያስኬድና ተስፋ ይቆርጣል። ኤስኤፍሲ የተበላሸውን የሚተካው ዊንዶውስ ካስቀመጠው ጎተራ አውጥቶ ነው፤ ጎተራው ከነቀዘ የነቀዘ እህል ነው የሚያወጣልህ። ጎተራውን የሚጠግነው ዲስም የሚባለው ሌላ ትእዛዝ ነው። ስለዚህ ዲስምን በ«ሪስቶር ሄልዝ» አስቀድም፣ ኤስኤፍሲን አስከትል።

ዊንዶውስ 11 ላይ ከዚህ ሁሉ የሚቀል አለ። ሴቲንግ፣ ሲስተም፣ ሪከቨሪ ውስጥ «ፊክስ ፕሮብለምስ ዩዚንግ ዊንዶውስ አፕዴት» የሚለውን ምረጥ። ፋይልህን፣ ፕሮግራሞችህንና ሴቲንግህን እንዳለ ትቶ ዊንዶውሱን በላዩ ላይ ይተክለዋል። ለፎርማት የሚሮጥ ሰው ሁሉ ይህን ቢያውቅ ምንኛ ደስ ባለኝ!

ጥያቄ፦ ጡረተኛ ነኝ። ከአፕዴቱ በኋላ ክቧ ብቻ ትዞራለች፣ አይከፍትም። ልጆቼ ደግሞ ሩቅ ናቸው።

መልስ፦ አባቴ፣ አይጨነቁ፤ ፋይልዎ ያለበት ቦታ አለ። ያብሩትና ምልክቱ ሲታይ ማብሪያውን ተጭነው ያጥፉት፤ ይህን ሁለት ሦስት ጊዜ ሲደጋግሙት ዊንዶውስ ራሱ የጥገናውን ገጽ ያመጣል። እዚያ ትራብልሹት፣ አድቫንስድ ኦፕሽንስ፣ አንኢንስቶል አፕዴትስ ይበሉ፤ «ኳሊቲ አፕዴት» የሚለውን መርጠው ያስወግዱት። መንገድ ላይ 48 አኃዝ ያለው ቁልፍ ከጠየቀዎ ዲስክዎ በቢትሎከር ተቆልፏል ማለት ነው። ቁልፉ ብዙ ጊዜ በማይክሮሶፍት አካውንትዎ ውስጥ ተቀምጧል፤ በስልክ ገብተው ሊያዩት ይችላሉ። ኮምፒውተራችሁ ደህና የሆነ ሌሎቻችሁም ቁልፉን ዛሬውኑ ወረቀት ላይ ጻፉት። ያለ እሱ ማንም ባለሙያ አይከፍትላችሁም።

ጥያቄ፦ አፕዴትን ለዘለዓለም ማጥፋት አይቻልም?

መልስ፦ አልመክርህም። የደኅንነት አፕዴቶች በየወሩ ሁለተኛው ማክሰኞ ይወጣሉ። ከፈራህ አንድ ሳምንት ፖዝ አድርግና ሌሎች ምን እንደገጠማቸው እይ።

ጥያቄ፦ ዊንዶውስ 10 ድጋፉ ቆሟል ተባልኩ፤ ወደ 11 ሳሳድግ ደግሞ ኮምፒውተርህ አይችልም ይለኛል።

መልስ፦ አዎ፣ መደበኛው ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ከመተውህ በፊት ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚገባበት የኮምፒውተሩ ሴቲንግ) ውስጥ ገብተህ ቲፒኤም እና ሴኪዩር ቡት የሚባሉት፣ ዊንዶውስ 11 የሚጠይቃቸው የደኅንነት ክፍሎች፣ መብራታቸውን እይ። ቲፒኤም 2.0 እያላቸው ስለጠፋ ብቻ የተከለከሉ ኮምፒውተሮች ብዙ አይቻለሁ። ፕሮሰሰሩ አሮጌ ሆኖ ከሆነ ግን ይህ አይረዳህም፤ እስከ ኦክቶበር 13 ቀን 2026 በሚቆየው የተራዘመ የደኅንነት አፕዴት ተመዝገብና ጊዜ ግዛ።

ጥያቄ፦ አፕዴት ራሱ ፋይል ያጠፋል?

መልስ፦ እምብዛም፣ ግን ሆኖ ያውቃል። በኦክቶበር 2018 የወጣው የዊንዶውስ 10 ትልቅ አፕዴት የአንዳንድ ሰዎችን ዶክመንትና ፎቶ አጥፍቶ፣ ማይክሮሶፍት በቀናት ውስጥ ስርጭቱን አቁሞታል። ስለዚህ ከትልቅ አፕዴት በፊት የምትሳሳለትን ሁሉ ወደ ውጭ ዲስክ ገልብጥ፣ ዲስኩን ንቀል፣ ከዚያ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰክተህ ጥቂት ፎቶዎች ከፍተህ እይ። ከተከፈቱ አፕዴቱን ጀምር።