«የውሻ ዓሣ» ወይስ ባለ እሾህ ሻርክ?

ጥያቄ፦ የምኖረው አሜሪካ ነው። ልጄ በባዮሎጂ ክፍል በመድኃኒት ተነክሮ የቆየ ትንሽ ሻርክ እየከፈቱ ሲማሩበት ውላ መጣችና ስሙን በአማርኛ ጠየቀችኝ። የእንግሊዝኛው ስም ቃል በቃል «የውሻ ዓሣ» ይሆናል። እኔ ደግሞ ሻርክን ሁሉ «ዓሣ ነባሪ» እያልኩ ነው ያደግሁት። የቱ ነው ልክ?

መልስ፦ ሁለቱም አይሆኑም። ዓሣ ነባሪ በሳንባ የሚተነፍስ፣ ልጁን የሚያጠባ እንስሳ ነው። ጅራቱ ዝርግ ስለሆነ ወደ ላይና ወደ ታች ይመታል። የሻርክ ጅራት ግን የቆመ ነው፤ ግራና ቀኝ ይወዛወዛል። ሻርክ የሚተነፍሰው በስንጥብ፣ ማለትም ዓሦች ውኃ ውስጥ በሚተነፍሱበት አካል ነው። ልጅዎ ከጭንቅላቱ ጎን የተሰነጠቁትን አምስት መስመሮች ሳትቆጥር አልቀረችም። አጥንቱም እንደ ጆሯችን ያለ ልም አጥንት ነው። ስለዚህ «ሻርክ» የሚለውን ቃል ያለ ሐሳብ ይጠቀሙበት፤ አማርኛ ሆኗል።

«የውሻ ዓሣ» የሚለውን አማርኛ ተናጋሪ ሲሰማው ለውሻ የሚሰጥ ዓሣ ነው የሚመስለው፤ «የድመት ምግብ» እንደምንለው ማለት ነው። ገልብጠን «የባሕር ውሻ» ብንለው ደግሞ «የሜዳ አህያ» ስንል አህያ እንደምትመስለን ሁሉ ይኸኛውም ውሻ ይመስለናል። «የሌሊት ወፍስ ወፍ ናት ወይ?» ይሉኝ ይሆናል። አይደለችም፤ ስሟ ግን ከጥንት የወረስነው ነው። ዛሬ አዲስ ስም ስናወጣ እያወቅን መሳሳት የለብንም።

ስሙን ከራሱ ከእንስሳው ገላ እናውጣው። ናሙናው ላይ ጣትዎን ከራሱ ወደ ጅራቱ ቢያሳልፉ ለስላሳ ነው፤ ሲመልሱት እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቃል፤ ቅርፊቱ ጥቃቅን ጥርስ ስለሚመስል ነው። ይህ ግን የሻርኮች ሁሉ ጠባይ ነው። ይህን ሻርክ የሚለዩት ጀርባው ላይ ያሉት ሁለት ክንፎች ናቸው፤ ከእያንዳንዳቸው ፊት አንድ አንድ እሾህ አለ፣ የኋለኛው ይረዝማል። ቀጥሎ ገልብጠው ከፊንጢጣው ኋላ ይመልከቱ፤ እዚያ ክንፍ የለም። ይህ ባዶ ቦታ ትልቅ ምስክር ነው። በሁለቱም የጀርባ ክንፎቹ ፊት እሾህ ያለው ሌላ የሻርክ ክፍለ መደብ አለ፤ እሱ ግን የፊንጢጣ ክንፍ አለው። በጎኑ ነጫጭ ነጠብጣብ ካለበት፣ በትምህርት ቤቶች የሚዘወተረው፣ በሳይንሳዊ ስሙ ስኳለስ አካንቲያስ የሚባለው ሳይሆን አይቀርም። የስዊድኑ የተፈጥሮ ተመራማሪ ሊኒየስ በ1758 እ.ኤ.አ. የሰጠው ስም ነው፤ «አካንቲያስ» የመጣው እሾህ ከሚለው የግሪክ ቃል ነው።

እንግዲህ «እሾኻም ሻርክ» እንበለው? እኔ አልወደውም። ይህ «-ኣም» የሚባለው ቅጥያ ብዛትን ይናገራል፤ ጢማም ስንል ጢሙ የበዛ፣ እሾኻም ቁጥቋጦ ስንልም እሾህ የወረሰው ማለታችን ነው። ናሙናው ያለው ሁለት እሾህ ብቻ ነው። ቆጥሮ የሚናገረው «ባለ» ነው፤ «ባለ ሁለት ፎቅ»፣ «ባለ ሦስት እግር» እንደምንለው።

ልጅዎ በማሰሮው ላይ የአማርኛ ስም መለጠፍ ከፈለገች እንዲህ ትጻፍ፦ «ባለ ሁለት እሾህ ሻርክ። ወገን፦ ስኳለስ። ዝርያ፦ ስኳለስ አካንቲያስ። አምስት የስንጥብ ክፍተት፤ የፊንጢጣ ክንፍ የለውም።»