መልስ፦ ጂፕሰም ቦርድ ላይ ቴክስቸር (ግድግዳውን ሸካራ መልክ የሚሰጥ ልባስ) ለመጀመሪያ ጊዜ በአየር መርጫ መርጨት
«ቀጥታ ግድግዳው ላይ ልጀምር ወይ?» ላልከው፣ ኧረ አይሆንም! መጀመሪያ ትርፍ ቦርድ ወይም ትልቅ ካርቶን አቁምና እዚያ ላይ እጅህን አፍታታ። ዋናው ጣጣ ውህዱ ነው። ስቱኮውን (የግድግዳ ማለስለሻውን) በውሃ እያቀጠንክ የጓጎለው ሁሉ እስኪጠፋ አማስለው፤ አለዚያ የመርጫው አፍ ይደፈናል። ውፍረቱ ወፈር ያለ ቀለም ይምሰል። የአየር ግፊቱ ዝቅ ሲል ጠብታው ይተልቃል፣ ከፍ ሲል ይደቃል። ይህን በጆሮ ከመስማት ካርቶኑ ላይ ሞክሮ ማየት ይሻላል።

ከግድግዳው 50 ሴንቲሜትር ያህል ራቅ። እጅህ መንቀሳቀስ ከጀመረ በኋላ የመርጫውን ምላጭ ሳብ፤ አንድ ቦታ ከቆምክ ይከመራል። ካላማረህ አትደንግጥ፣ ሳይደርቅ በሰፊ ስፓቱላ ጠርገህ ትደግመዋለህ። ፕራይመር (መነሻ ቀለም) ግን ከመርጨትህ በፊት ቀድሞ ይቀባ። ወለሉንና መስኮቱን በፕላስቲክ ሸፍን፣ መነጽርም አድርግ።