ዝምታው ኩርፊያ እንዳይመስል

በዚህ ዕትም የምንመልሳቸው ጥያቄዎች የተለያየ እምነት ያላቸው ሰዎች አብረው በዝምታ የሚውሉበትን ቀን ስለማሰናዳት የተላኩልን ናቸው። መጠኑን ሁሉ ለ20 ሰው አስበን ጽፈናል።

ጥያቄ፦ የአንድ መሥሪያ ቤት ባልደረቦች ነን። ኦርቶዶክስ፣ ሙስሊም፣ ፕሮቴስታንት አለን፤ ሃይማኖት የሌለውም አለ። ከስልክና ከጫጫታ ርቀን አንድ ቀን በጽሞና መዋል አምሮናል። ምን ብለን እንጥራው? መቼና የት ይሁን? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ «ሱባዔ» አትበሉት። ሱባዔ የኦርቶዶክስ ምእመን ከነሥርዓቱ የሚያውቀው ነው። ሙስሊሙም ለአምልኮ ተለይቶ የሚቀመጥበት፣ ኢዕቲካፍ የሚለው የራሱ አለው፤ ቦታውም መስጊድ ነው። የአንዱን ስም ለሁሉ ብታውሉት ባለቤቱ ሥርዓቴ ተቃለለ ይላል፤ ሌላው ደግሞ ሊሰብኩኝ ነው ብሎ ይቀራል። «የዝምታ ቀን» ይበቃል።

ዓርብ ቀትር ጁምዓ አለ፤ እሑድ ጠዋት ቅዳሴና አምልኮ አለ። የሚተርፈው ቅዳሜ ነው። በመካከላችሁ አድቬንቲስት ካለ ግን ቅዳሜ ሰንበቱ ስለሆነ፣ ቀኑን ከመቁረጣችሁ በፊት እሱን ጠይቁት። ሚያዝያ 23፣ የሠራተኞች ቀን፣ ዓርብ ወይም እሑድ ካልዋለ ጥሩ አማራጭ ነው። በረመዳን ባታደርጉት ይመረጣል፤ ጿሚው ሌላው ሲበላ ቁጭ ብሎ እንዲያይ አይደረግም።

ቦታው የቤተ ክርስቲያን ወይም የመስጊድ ግቢ አይሁን። ባለቤቶቹ ደግ ቢሆኑም አንዱ ወገን እንግዳ፣ ሌላው ባለቤት ሆኖ ይውላል። ቢሾፍቱ ቅርብ ናት፤ ሐይቆቿም ለዓይን ዕረፍት ይሰጣሉ። ሆኖም ጥር የሠርግ ወር ስለሆነ ቅዳሜ ቅዳሜ የሆቴሎቹ ሙዚቃ ግድግዳ ያልፋል። ከመስቀል በኋላ በሆራ የሚከበረው ኢሬቻ የሚውልበትን ሰሞንም መንገዱ ስለሚጨናነቅ ዝለሉት። ኅዳር ደህና ወር ነው። ከቀብዱ በፊት አንድ ሰው በሌላ ቅዳሜ ሄዶ ከጠዋቱ 3 እስከ 10 ሰዓት እዚያው ይዋል፤ ጄኔሬተሩ፣ የጎረቤቱ ወፍጮ፣ የድምፅ ማጉያው የሚታወቀው እንዲያ ሲሆን ነው። ሽንት ቤት ለ10 ሰው ቢያንስ አንድ ይኑር።

ጥያቄ፦ የምግቡ ነገር አስጨንቆናል። ሁለት ዓይነት ሥጋ እናዘጋጅ? (ከደሴ)

መልስ፦ ሥጋ ጨርሶ አይግባ። የክርስቲያን ሥጋና የእስላም ሥጋ ተብሎ ሁለት ድስት ሲጣድ ማዕዱ ለሁለት ይከፈላል፤ ቀኑ የተዘጋጀበት ምክንያትም እዚያው ላይ ይፈርሳል። የጾም ምግብ ለሁሉም ይሆናል፤ በጾም ወራትም ቢሆን ጭንቀት የለውም።

ለአንድ ምሳ እንጀራ ለሰው ሁለት ሁለት፣ በድምሩ 40 ያዙ። ሽሮ 1 ኪሎ፣ ምስር ክክ 1 ኪሎ ተኩል፣ ጎመን 5 ኪሎ፣ ድንችና ካሮት 4 ኪሎ፣ ሽንኩርት 3 ኪሎ፣ ዘይት 2 ሊትር ይበቃል። የሚጠጣ ውኃ ለሰው 2 ሊትር ይታሰብ።

ብዙ ጊዜ ነገር የሚበላሸው ከዕቃ ነው። ወጥ ሠሪዋ ትናንት ዶሮ የሠራችበትን ድስት አጥባ ትጥዳለች፤ ወይም ሽሮው እንዲጣፍጥ ብላ ጣል የምታደርገው የሾርባ ማጣፈጫ የዶሮ ወይም የበሬ ይሆናል። ቅቤም «ትንሽ ናት» ተብሎ ይገባል። ለሠሪዋ ቀድማችሁ ንገሯት፦ ሥጋ ያልገባበት ድስት፣ ማጣፈጫ የለም፣ ቅቤ የለም፣ ጠላና ጠጅም የለም። የተጠራው ሰው ይህን አስቀድሞ ይወቅ፤ ያን ጊዜ ልቡ አርፎ ይበላል።

ሌላው ትሪው ነው። አንድ ትሪ ከበው ሲበሉ «ብላ እንጂ» አይቀርም፤ ጉርሻም ይመጣል፤ ዝምታው ያልቃል። ለዚያ ቀን በየሰሃኑ ይቅረብ። ጉርሻ ይቅር ማለት ከባድ እንደሆነ እናውቃለን፤ ስለዚህ ዝምታው ሲፈታ የቡና ቁርሱ ላይ ይመለስ።

ጥያቄ፦ መጀመሪያ ላይ ሁላችንም የምንስማማበት አጭር የጋራ ጸሎት ብናደርስ ምን ይላችኋል? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ አታድርጉ እንላለን፤ በዚህ አቋማችን ጽኑ ነው። ሁሉ ይስማማበታል ተብሎ የተቀመመ ጸሎት ለአንዱ ጎደሎ፣ ለሌላው ትርፍ ነው፤ ለማያምነው ደግሞ ማስመሰል ይሆንበታል። አንድ ያደረጋችሁ ዝምታው ነው። በዝምታው ውስጥ አንዱ መቁጠሪያውን ይቆጥራል፣ አንዱ አላህን እያወሳ ዚክር ይላል፣ አንዱ መጽሐፍ ቅዱሱን ይዞ ይቀመጣል፣ አንዱ ትንፋሹን ብቻ ያዳምጣል። ማንም የሌላውን አፍ አይበደርም።

ለየግል ጸሎት ግን ቦታና ሰዓት መስጠት ግዴታ ነው። 3 በ4 ሜትር የሆነች ንጹሕ ክፍል ይበቃል፤ ጫማ በር ላይ ይወልቃል፣ ግድግዳው ላይ ሥዕልም ፎቶም አይኑር፣ ለሴቶች መጋረጃ ይዘርጋ። ከአዲስ አበባም ሆነ ከሐዋሳ ሲታይ መካ በስተሰሜን፣ ትንሽ ወደ ምሥራቅ ያዘነበለች ናት፤ አቅጣጫውን በወረቀት ቀስት ወለሉ ላይ ምልክት አድርጉ። ዙሁር የሚባለው የቀትር ሶላት ከቀትር ጥቂት አለፍ ሲል፣ አስር የሚባለው የከሰዓት በኋላ ሶላት ወደ 9 ሰዓት ተኩል ገደማ ይገባል፤ የዕለቱን ልክ ሰዓት ከሰጋጆቹ ጠይቃችሁ ፕሮግራሙን በእሱ ዙሪያ ሥሩ። ለውዱእ፣ ማለትም ከሶላት በፊት ለሚደረገው መታጠብ፣ ለአንድ ሰው በአንድ ጊዜ 1 ሊትር ተኩል ያህል አስቡ፤ ሰጋጆቹ 6 ከሆኑ ለሁለቱ ሶላት አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካንና ሁለት ማንቆርቆሪያ ይበቃል። ሽንት ቤቱ አጠገብ ሳይሆን ውጪ፣ ውኃው የሚፈስበት ቦታ ይቀመጥ።

ዕጣንና ሻማ ይቅሩ። ለአንዱ የቤተ ክርስቲያን ነው፣ ለአንዱ የባዕድ አምልኮ ይመስለዋል፣ አስም ላለበት ደግሞ ጭሱ አይሆንም። ቃጭልም እንዲሁ። ለመጀመሪያና ለማብቂያ ምልክት ባዶ የሻይ ብርጭቆ በማንኪያ ሦስት ጊዜ ነካ ማድረግ ሰፊ ክፍል ውስጥ በደንብ ይሰማል፤ ድምፁም የማንም አይደለም።

ጥያቄ፦ ቀኑን ሙሉ ዝም ብለን ምን እንሠራለን? ሰውስ አይሰለችም? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ይሰለቻል፤ በተለይ ከምሳ በኋላ። ስለዚህ ሰዓቱ መከፋፈል አለበት።

2፡30 ላይ ሰው ይድረስ። ሰላምታው፣ መተቃቀፉ፣ የልጅ የቤተሰብ ጥያቄው ሻይ እየተጠጣ እዚያው ያብቃ። 3፡00 ላይ አስተባባሪው ደንቡን ይናገር፦ ስልክ ተዘግቶ ቅርጫት ውስጥ ይገባል፤ አስቸኳይ ጥሪ በአስተባባሪው ስልክ ብቻ ይመጣል፤ መንገድ ላይ ስንገናኝ ዓይን ለዓይን ባንተያይ ቅሬታ የለም። ይህቺን የመጨረሻዋን ሁለት ጊዜ ቢናገራት አይበዛም። እኛ ዘንድ ሰው አይቶ ዝም ማለት ኩርፊያ ነው፤ በተለይ ታላቅን ሳይነሡለት፣ እጅ ሳይነሡት ማለፍ ነውር ነው። ሳይነገራቸው የገቡ ሰዎች ቀኑን ሙሉ «ምን አድርጌው ነው?» እያሉ ሲብሰለሰሉ ይውላሉ።

ዝምታው 3፡30 ይጀምር። 20 ደቂቃ መቀመጥ፣ 15 ደቂቃ ቀስ ብሎ መራመድ፤ ይህ እስከ 6፡15 አራት ጊዜ ይደገም፤ መሐል ላይ 20 ደቂቃ ዕረፍት ይግባበት። ለጀማሪ ከ20 ደቂቃ በላይ አታስቀምጡ፤ ሐሳቡ ሳይሆን ጉልበቱ ነው ቀድሞ የሚያስነሣው። መደገፊያ ያለው ወንበር ለሁሉም ይኑር፤ መሬት መቀመጥ የፈለገ ሰሌን ይሰጠው። የሚይዘው ላጣ ሰው ትንፋሹን ሲያወጣ ከ1 እስከ 10 ይቁጠር፤ ሲጠፋበት ከ1 ይጀምር፤ ይህ ከማንም እምነት ጋር አይጋጭም።

ከ6፡15 ጸሎትና ዕረፍት፣ 6፡45 ምሳ። ከሽሮ በኋላ ወዲያው ማስቀመጥ ማስተኛት ነው፤ እስከ 8፡30 ሰው ይራመድ፣ ዛፍ ሥር ጋደም ይበል። ከዚያ ሁለት ዙር ብቻ፣ 9፡40 ላይ ዝምታው ይፈታ፣ ሰጋጁም አስርን ይስገድ። 10፡00 ላይ ክብ ሠርታችሁ እያንዳንዱ 2 ደቂቃ ይናገር፤ ዝም ያለም ይለፍ። እዚህ ላይ አንድ ጥብቅ ደንብ አለ፤ ማንም የሌላውን ንግግር አይመልስም፣ አያርምም፣ ወደ እምነቱም አይጋብዝም። 10፡40 ላይ ቡናው ይቆላ፤ 300 ግራም ቡናና ሁለት ጀበና እስከ በረካ ያደርሳል። ቡናውን ቀድማችሁ አታፍሉ፤ ገና የመቁላቱ ሽታ ሲመጣ ወሬው ራሱ ይከፈታል።

ጥያቄ፦ በዝምታው መሐል ሰው ቢያለቅስ ምን እናድርግ? (ከአዳማ)

መልስ፦ ይከሰታል፤ በሥራና በወሬ ተሸፍኖ የቆየ ሐዘን ጸጥታ ሲያገኝ ይወጣል። አንድ የተመደበ ሰው ውኃና ሶፍት ይዞ አጠገቡ ይቀመጥ፤ ካልጠየቀ አያናግረው፣ እጁንም ጭኖ አይጸልይለት። ከፈለገ ውጪ ወጥቶ ያውራ። በቅርቡ ቤተሰብ የተለየበት ወይም በአእምሮ ሕመም ሕክምና ላይ ያለ ሰው ከመጣ፣ ግማሽ ቀን ብቻ ቢቆይ ይሻለዋል፤ ይህንንም ከቀኑ በፊት ለብቻው አማክሩት፤ ሐኪሙንም ይጠይቅ። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው መድኃኒቱንና የምግብ ሰዓቱን እንዳያዛባ ቆሎና ፍራፍሬ ሁልጊዜ ጠረጴዛ ላይ ይኑር፤ ሳይጠይቅ አንሥቶ ይብላ።

ጥያቄ፦ እኛ ዋሽንግተን አካባቢ ነን። ያው ፕሮግራም ይሠራልናል? (ከቨርጂኒያ)

መልስ፦ ሰዓቱ አይሠራም። አገር ቤት የፀሐይ መግቢያ ዓመቱን ሙሉ ብዙ አይለዋወጥም፤ እናንተ ጋ ግን በታኅሣሥ ፀሐይ 11 ሰዓት ሳይሞላ ትገባለች፣ በሰኔ ደግሞ ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ታልፋለች፤ የሶላቱ ሰዓትም አብሮ ይሄዳል። ሰጋጁ ወደ መካ የሚዞርበት አቅጣጫ፣ ቂብላውም፣ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ነው፤ ከአገር ቤት የለመደ ሰው በልማድ ወደ ሰሜን እንዳይዞር ቀስቱን አትርሱ። ክረምት ከሆነ የሚራመዱበት ረጅም ኮሪደር ያለው አዳራሽ ምረጡ። እዚያ የተወለዱ ወጣቶች ከመጡ ደንቡ በሁለቱም ቋንቋ ይነገር፤ ስልካቸውንም ወላጅ ሳይሆን አስተባባሪው ይቀበላቸው።