ጀርመናዊ ጓደኛን ለገና ወላጆች ቤት ይዞ መምጣት፦ ከመምጣታችሁ በፊት የሚያልቁ ነገሮች

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሰብሰብ ላድርገው። ከጀርመን ለገና አዲስ አበባ ልትመጪ ነው፤ ጓደኛሽ ጀርመናዊ ነው፤ ወላጆችሽ ጿሚ ኦርቶዶክሶች ናቸው፤ ከታኅሣሥ 15 ጀምሮ ሁለት ሳምንት እነሱ ቤት ልታርፉ አስባችኋል። «ምን ልንገረው፣ ምንስ ሊበላሽ ይችላል?» ነው ያልሽው። እስካሁን የመለሱልሽ ሰዎች ስለ ጥሬ ሥጋና ስለ በርበሬ ነው የጻፉት። ምግቡ ቀላሉ ነው። ነገር የሚበላሸው ሰውዬው ማን ተብሎ ቤት እንደሚገባ ሳይወሰን ሲመጣ ነው። እሱ ደግሞ አሁን፣ በስልክ፣ ማለቅ ያለበት ጉዳይ ነው።

እናትሽ ጎረቤት «ይሄ ፈረንጅ ማነው?» ሲላት የምትመልሰው አንድ ዓረፍተ ነገር ያስፈልጋታል። ያንን ካልሰጠሻት ሁለት ሳምንት ሙሉ ከዕድር ሰው፣ ከማኅበር ጓደኛ፣ ከንስሐ አባት ጥያቄ ስትሸሽ ትከርማለች፤ ንዴቷም በእሱ ላይ ሳይሆን በአንቺ ላይ ነው የሚወጣው። የመጋባት ሐሳቡ ካላችሁ «እጮኛዬ ነው» በያት። ለአባትሽ ራስሽ አትንገሪ። እሳቸው የሚሰሟት አንዲት አክስት ወይም አንድ አጎት ይንገርልሽ፤ ከመምጣታችሁ ቢያንስ አንድ ወር ቀድሞ፣ ቁጣም ካለ በርዶ እንዲቆይ። ሐሳቡ ገና ካልበሰለ ግን «አብሮኝ የሚሠራ ጓደኛዬ ነው፣ አገር ሊያይ ነው» በሚል ይምጣና በአቅራቢያ ፔንሲዮን ይያዝ። ከሁለቱ አንዱን ምረጪ። መሐል ላይ ቆሞ «እናያለን» ማለት ነው ቤት የሚያውከው።

እጮኛ ብለሽ ብታስገቢውም መኝታ ለየብቻ ነው፤ አከራካሪ አታድርጊው። ጀርመን አብራችሁ የምትኖሩ ከሆነ ወላጆችሽ ሳይገምቱት አይቀሩም፣ ግን ገምቶ ዝም ማለትና ማዕድ ላይ መስማት ለየቅል ናቸው። እሱ በየዋህነት «ቤታችን ሰፊ በረንዳ አለው» ብሎ ፎቶ ሊያሳያቸው ይችላል። ስልኩ ውስጥ የትኛው ፎቶ እንደሚታይ ቀድማችሁ ለዩ።

ከሁሉ በላይ አደራ የምልሽ፦ ቀለበት ይዞ መጥቶ በገና ዕለት ዘመድ በተሰበሰበበት እንዳይንበረከክ። ለእሱ ወግ ነው፣ ለአባትሽ ግን ወጥመድ ነው። በእኛ አገር ሽማግሌ ሲላክ የመጀመሪያው መልስ «እንመካከርበት፣ ሌላ ቀን ተመለሱ» ነው፤ ይህ ቀጠሮ የቤተሰቡ ክብርም፣ የልጅቷ ዋጋም ነው። እንግዳ ፊት ተንበርክኮ የጠየቀ ሰው ይህንን ዕድል ይነጥቃቸዋል፤ እንቢ ቢሉ ልጃቸውን ያዋርዳሉ፣ እሺ ቢሉ በገዛ ቤታቸው ተቀደሙ። ሽማግሌ የሚሆን ዘመድ የለውም ብለሽ አትጨነቂ። አንቺን የሚያውቁ፣ አባትሽ የሚያከብሯቸው ሦስት ሰዎች ወገን ሆነውለት ይሄዳሉ፤ ውጭ አገር ሰው ያገቡ ብዙዎች እንደዚያ ነው ያደረጉት። እሱ ራሱ ዕለቱን አይገኝም። ሽማግሌዎቹን በዚሁ ጉዞ መላክ ካሰባችሁም ከገና በኋላ ይሁን፣ በበዓሉ ማዕድ ላይ አይሁን።

ቀጥሎ የሃይማኖት ጥያቄ አለ። በመጀመሪያው ቀን፣ ምናልባትም ሻንጣ ሳይከፈት ይጠየቃል። ብዙ ጀርመኖች «ከቤተ ክርስቲያን ወጥቻለሁ» ይላሉ። እዚያ የቤተ ክርስቲያን ግብር አለ፤ በባየርንና በባደን ቩርተምበርግ የገቢ ግብሩ 8 በመቶ፣ በሌሎቹ ክልሎች 9 በመቶ ይታሰባል። በዚህ ምክንያት በወረቀት የወጣ ብዙ ነው። አያትሽ ዘንድ ግን ይህ ማብራሪያ ለገንዘብ ሲል ሃይማኖቱን የተወ ሰው ያስመስለዋል። መዋሸት የለበትም። «ቤተሰቦቼ ካቶሊክ ናቸው፣ በሕፃንነቴ ተጠምቄያለሁ» ከሆነ እውነቱ፣ ያ ይበቃል፣ እዚያ ላይ ይቁም። ካልተጠመቀም «ቤተሰቦቼ ክርስቲያኖች ናቸው» ብሎ ወደ ሌላ ወሬ ይለፍ። ሥርዓተ ተክሊል የሚፈጸመው ሁለቱም ኦርቶዶክሳውያን ሲሆኑ ስለሆነ «ይጠመቅ ይሆን?» የሚለው መከተሉ አይቀርም። ለዚህ አንቺ ነሽ መልስ የምታዘጋጂው፣ እሱ አይደለም፤ «እየተነጋገርንበት ነው» ካልሽ ደግሞ በእርግጥ ተነጋገሩበት።

ስለ ቀኑ አንድ ነገር ልበል። ታኅሣሥ 15 መግባት አልወደድኩልሽም። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ጀምሮ እስከ ገና ዋዜማ ነው። ታኅሣሥ 15 በእነሱ አቆጣጠር ዲሴምበር 24 ነው፤ የእሱ ቤተሰብ ለገና በሚሰበሰብበት ማታ እሱ ጿሚ ቤት ሽሮ ፊት ይቀመጣል። ሽሮው አያስከፋውም፤ የሚከብደው ቤቱ እስከ 9 ሰዓት እህል ሳይቀምስ ሲውል እሱ ቁርስ ፍለጋ ዓይኑን ማንከራተቱ ነው። እናትሽ አዝናለት እንቁላል ትጠብሳለች፤ መጥበሻው ደግሞ የጾም ነው። ከዚያ በኋላ መጥበሻ ሲፋቅ፣ ሠራተኛዋ ስታጉረመርም... ይቅርባችሁ። ገናውን ከእናቱ ጋር እዚያው ያክብርና ታኅሣሥ 25 ገደማ ግቡ። የቀሩትን የጾም ቀናት ጠዋት ጠዋት ካፌ ወስደሽ ቁርሱን አብይው። ፈቃዱ ከበቃው ጥምቀትን፣ ጥር 11ን፣ አይቶ ይሂድ፤ ለእንግዳ ከገና ይልቅ ጥምቀት ይቀላል፣ ደጅ የሚከበር በዓል ነው።

ሁለቱን የመጀመሪያ ቀናት ባዶ ተዪለት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ይበልጣል፤ ራስ ምታትና የትንፋሽ ማጠር የተለመደ ነው። በዚያ ላይ አጎትሽ በመጀመሪያው ማታ ጠጅ ካስጨበጡት ሌሊቱ አይነጋለትም። ሰዓትም ንገሪው፦ ዘመድ «በሁለት ሰዓት እንመጣለን» ካለ በእሱ ሰዓት 8 ነው። ተቃራኒውንም ንገሪው፤ 8 ተብሎ 9 ተኩል ሲመጡ በር ላይ ቆሞ ሰዓቱን እንዳያይ።

ሰላምታ ብዙ ነገር ያቃናል። አባትሽን በስማቸው ብቻ እንዳይጠራ፤ እዚያ አማቶቹን በስም መጥራት ለምዶ ይሆናል። «አቶ» ብሎ ስማቸውን ያስከትል፣ ወይም እናንተ ልጆቹ «አባባ» እንደምትሉት ይበል፤ የትኛውን እንደሚወዱ አክስትሽን ጠይቂ። እጁን ሲዘረጋ ጎንበስ ብሎ፣ ግራ እጁን ቀኝ ክንዱ ላይ ደግፎ። ትልቅ ሰው ሲገባ ከወንበሩ ይነሣ፤ «ኖር» ማለትን ካስተማርሽው ደግሞ የዚያን ቀን ወሬ ይሆናል፣ ሽማግሌው «በእግዜር» እያሉ ሲስቁ ግማሹ ሥራ አለቀ። ትልልቅ ሰዎች ፊት እግሩን እንዳያነባብር። አንቺን አቅፎ እንዳይቀመጥ። የአጎትሽ ልጅ መንገድ ላይ እጁን ይዞት ቢሄድ ደግሞ እንዳይደነግጥ፣ ወዳጅነት መሆኑን ቀድሞ ይወቅ።

ማዕዱ ላይ እንግዲህ ዝርዝሩ ይበዛል። እጅ ማስታጠቢያ ሲቀርብ አብዛኞቹ ፈረንጆች ትንሽ ልጅ ጎንበስ ብላ ውሃ ስታፈስላቸው ያፍሩና ማንቆርቆሪያውን ሊቀበሏት ይታገላሉ፤ ውሃው ሱሪያቸው ላይ ይፈሳል፣ ልጅቷም ግራ ትጋባለች። ሁለት እጁን ከሳፋው በላይ ዘርግቶ ይታጠብ፣ ያራግፍ፣ «ተባረኪ» ይበላት። በቃ።

ከዚያ ዶሮው። ሴቶቹ ከዋዜማው ጀምረው ለአንድ ዶሮ እስከ ሁለት ኪሎ ሽንኩርት ሲያቁላሉ፣ ብልቱን በሎሚና በጨው ሲያጥቡ ያያል። ዶሮው 12 ብልት ይወጣዋል፣ እንቁላሉም እንደ ብልቱ ልክ ይጨመራል። እናትሽ ጭልፋውን ይዛ ስታወጣ ማን ምን እንደሚደርሰው በልቧ ቆጥራ ጨርሳለች፤ ፈረሰኛው የአባወራው ነው። ጀርመናዊው ግን የሚያየው የጋራ ትሪ ነው፤ ደስ ያለውን አንስቶ ሁለተኛ ይጨምራል። ማንም አይናገረውም፣ አንድ ሰው ግን በመረቅ ብቻ ይበላል። ሕጉን ቀላል አድርገሽ ንገሪው፦ አንድ ብልት፣ አንድ እንቁላል፣ ከፊቱ ካለው እንጀራ፣ በቀኝ እጅ። ጣት አይላስም። አፍንጫ ደግሞ ማዕድ ላይ አይናፈጥም። ይህኛውን ሁሉም ሰው ይረሳዋል፤ እነሱ አገር ጠረጴዛ ላይ መናፈጥ ነውር አይደለም፣ በርበሬው ደግሞ አፍንጫን ያስፈስሳል። ተነሥቶ ይውጣ።

ግብዣ የመቀበል ነገርም አለ። እነሱ ዘንድ አንድ «አይ፣ አመሰግናለሁ» መጨረሻ ነው፤ እኛ ዘንድ መጀመሪያ ነው። እንቢ ባለ ቁጥር «ብላ እንጂ!» ሲባል እንደ ማስገደድ ይቆጥረዋል። መፍትሔው እንቢታውን ማሳመር አይደለም፣ ቀስ ብሎ መብላት ነው። ከፊቱ ባዶ ከሆነ ይጨመርለታል፤ እንግዲህ ትንሽ ያስቀር። ጉርሻ ከእናትሽ እጅ ከመጣ አፉን ይክፈት፣ ሁለተኛውንም ይጠብቅ፤ አንድ ጉርሻ ያጣላል አይደል የሚባለው። ቡናም ሲፈላ ከአቦል በኋላ ተነሥቶ እንዳይሄድ፤ ቶናና በረካ አሉ። አስም ካለበት ግን ከሰሉና ዕጣኑ ይጎዳዋል፤ በር አጠገብ አስቀምጪው፣ ምክንያቱን ቀድመሽ ለእናትሽ ንገሪ።

ጥሬ ሥጋ፦ አይገደድም። ክትፎው ለብለብ ወይም የበሰለ ይሁንለት ማለት ነውር የለውም። ጥሬ ቀምሶ ከሄደ ግን የኮሶ ትል ምልክት ከወራት በኋላ ሊመጣ ስለሚችል ጀርመን ሐኪም ዘንድ ሲቀርብ ይናገር። ሥጋ የማይበላ ሰው ከሆነ ለጾሙ ቀናት ንጉሥ ነው፤ በፍስኩ ቀን ግን ምስሩም ሽሮውም ቅቤ ይገባዋል፣ ቅቤም የማይበላ ከሆነ ለብቻ ትንሽ ድስት ይውጣለት። ለእናትሽ በስልክ ከተነገራት ችግር የለውም። ማዕድ ላይ ከተሰማ ስድብ ነው። በግ ግቢ ውስጥ የሚታረድ ከሆነም ሰዓቱን አውቆ ወይ ይቁም ወይ ወጣ ይበል።

ቤተ ክርስቲያን ልሂድ ካለ ይሂድ። የገና ሌሊት አገልግሎት ረጅም ነው፤ ጫማ ይወልቃል፣ ወንድና ሴት ለየብቻ ስለሚቆም አንቺ አጠገቡ አትሆኚም፤ ወንድምሽ ይያዘው። ቅጽረ ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ነጠላ ለብሶ ቢቆም ከበቂ በላይ ነው። ሥጋ ወደሙ እንግዳ የሚካፈለው አይደለም፤ እነሱ ዘንድ ተራ ይዞ መቀበል ስለተለመደ ይህን በግልጽ ንገሪው። ካሜራ ቤት ይቅር። ሌሊቱን ቆይታችሁ ስትመለሱ ዶሮው ይጠብቃል፤ በዚያ ሰዓት ባዶ ሆድ ላይ ቅቤ ሲያርፍበት የጾመውም ያልጾመውም ሆዱ ይታወካል፣ ጥቂት ይበላ። ኦአርኤስ ከፋርማሲ ገዝታችሁ አስቀምጡ።

ስጦታ፦ የሃሪቦ ድቦች አይመጡም። ጀርመን የሚሸጡት ዋናዎቹ በአሳማ ጄላቲን የተሠሩ ናቸው፤ አንድ የተማረ የአክስት ልጅ ጀርባውን ያነብና ሕፃናቱ አፍ ውስጥ ያለው ሁሉ ይተፋል። ሳላሚ፣ ወተት ያለው ቸኮሌት በጾሙ ቀን፣ እነዚህም ይቅሩ። ለአባትሽ ጥሩ ውስኪ (የሚጠጡ ከሆነ)፣ ለእናትሽ ሹራብ ወይም ሻርፕ። ሰጥቶ ሲያበቃ «ክፈቷት» አይበል፤ ስጦታው ይመረቅበትና ጓዳ ይገባል፣ ያልወደዱት መስሎት ፊቱ እንዳይጠቁር። ለበዓሉ ወጪ ግን ከስጦታ ይልቅ ገንዘብ ይረዳል፤ የዶሮና የሽንኩርት ዋጋ በዓል ሲቃረብ ይሰቀላል። እንደገባችሁ በፖስታ አድርገሽ ለእናትሽ ስጪ፤ ከእሱ እጅ አይሁን፣ አባትሽም ባያዩት ይሻላል። ውጭ በልታችሁ ሒሳብ ሲመጣ ደግሞ ለየብቻ መክፈል የሚባል የለም። መክፈል ከፈለገ መጸዳጃ ቤት የሄደ መስሎ ቀድሞ ይዝጋው።

የመመለሻ ሻንጣችሁን በሚመለከት፦ እናትሽ ቋንጣና ንጥር ቅቤ ማሰሯ አይቀርም። ሥጋና የወተት ውጤት ከእኛ አገር ወደ አውሮፓ ኅብረት በመንገደኛ ሻንጣ አይገባም፤ ፍራንክፈርት ላይ ይወሰድባችኋል፣ ቅጣትም ሊከተል ይችላል። በርበሬና ሽሮ ይሁን፣ ማር እስከ ሁለት ኪሎ ይቻላል። ይህንንም ቋንጣው ከመሰቀሉ በፊት ንገሪያት።