ኬብል ቦልት ለመገናኛ ጣሪያና ለጎን ግድግዳ፦ ርዝመቱን ከመምረጥ በፊት

ጤና ይስጥልኝ ወንድሜ። ጥያቄዎን ደጋግሜ አነበብሁት። በምዕራብ ቨርጂኒያ የድንጋይ ከሰል ማዕድን ውስጥ በጣሪያ ድጋፍ ሥራ ላይ እንደተሰማሩ፣ በ1.8 ሜትር የሬዚን ቦልት (በጉድጓዱ ውስጥ በሬዚን ሙጫ የሚያዝ ብረት) የተደገፈ የአራት መንገዶች መገናኛ ጣሪያው መጉበጥ እንደጀመረና አለቃዎ 3.6 ሜትር ኬብል ቦልት (ከብረት ሽቦ የተገመደ ረጅም ቦልት) እንዲጨመር እንዳዘዙ ጽፈዋል። የጠየቁትም ርዝመቱ ብቻ ይበቃ እንደሆነና ያው ኬብል ለጎን ግድግዳ ያገለግል እንደሆነ ነው። እኔም በዚያው በአፓላቺያ ተራራማ አካባቢ ከቦልት ማሽን ጋር ለዓመታት ስለሠራሁ፣ በእጄ ያለፈውን ልጻፍልዎ።

መጀመሪያ መታወቅ ያለበት የኬብሉ ርዝመት ሳይሆን ድንጋዩ የተላቀቀበት ከፍታ ነው። በአካባቢው በብዙ ቦታ ከከሰሉ በላይ ደካማ ሼል (በቀላሉ የሚሰነጠቅ ንጣፍ ድንጋይ) እና ቀጫጭን የከሰል ንጣፎች ተደራርበው ይገኛሉ፤ ጠንካራው ድንጋይ የሚጀምርበት ከፍታም ከአንዱ መገናኛ ወደ ሌላው ይለያያል። ንጣፎቹ በ2.1 ሜትር ላይ ከተላቀቁ፣ 1.8 ሜትር ቦልቶች ሁሉ የተተከሉት በሚወርደው ድንጋይ ውስጥ ነው ማለት ነው። አንድ ጊዜ ከወደቀ ጣሪያ ክምር ላይ ፕሌቶቹ (በቦልቱ ጫፍ ያሉት የብረት ሳህኖች) ድንጋዩን አጥብቀው እንደያዙ፣ አንድም ቦልት ሳይበጠስ ተጋድመው አይቻለሁ። ቦልቶቹ ሥራቸውን ሠርተዋል፤ የያዙት ነገር ግን ራሱ የሚይዘው አልነበረውም።

ከፍታውን ለማወቅ የሙከራ ጉድጓድ ይቆፍሩና በካሜራ ይመልከቱ። ካሜራ ከሌለ ጫፉ የታጠፈ ሽቦ በዘንግ ላይ አስረው የጉድጓዱን ግድግዳ ከላይ ወደታች ቀስ ብለው ይጫሩት፤ ስንጥቁ ላይ ሲደርስ ሽቦው ይያዛል፣ ያን ጊዜ ዘንጉ ላይ ምልክት አድርገው ይለኩት። መሰርሰሪያውን የያዘውን ሠራተኛም ይጠይቁት፤ መሣሪያው በድንገት ወደላይ ዘሎ የገባበትን ቦታ እጁ ያስታውሳል።

ከዚህ በኋላ ርዝመቱ በስሌት ይመጣል። 3.6 ሜትር ኬብል በላይኛው ጫፉ 1.2 ሜትር ያህል በሬዚን ከተያዘ፣ የቀረው 2.4 ሜትር ነፃ ነው። ስንጥቁ በ2.1 ሜትር ላይ ከሆነ መልህቁ፣ ማለትም በሬዚን የተያዘው ክፍል፣ በሙሉ ከስንጥቁ በላይ ይውላል። ስንጥቁ በ2.7 ሜትር ላይ ከሆነ ግን ከመልህቁ ደህና ድንጋይ ውስጥ የሚቀረው 90 ሴንቲ ሜትር ብቻ ስለሆነ፣ 4.2 ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ይጠይቁ። ለዚህ ቁመት ኬብል የተመረጠበት ምክንያትም ግልጽ ነው፦ 2 ሜትር ከፍታ ባለው መንገድ ውስጥ 3.6 ሜትር ቀጥ ያለ ብረት አቁሞ ማስገባት አይቻልም፤ ከሰባት ሽቦ የተገመደው ኬብል ግን ታጥፎ ይገባል። በአሜሪካ ከሰል ማዕድኖች እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በስፋት ሲገባ፣ በሎንግዎል (ረጅም የከሰል ግድግዳ በማሽን እየተቆረጠ የሚወጣበት ዘዴ) መንገዶች ውስጥ የእንጨት ክሪብ (ተደራርቦ የሚቆም የእንጨት ድጋፍ) ይይዝ የነበረውን ቦታ በብዙ ቦታ ወስዷል።

ብዛቱን በተመለከተ፣ መገናኛው 6 ሜትር በ6 ሜትር፣ የተላቀቀው ውፍረት 2.1 ሜትር፣ የድንጋዩ ክብደት በሜትር ኩብ 2.5 ቶን ቢሆን፣ ሙሉው 189 ቶን ይሆናል። ጣሪያ እንደ ጉልላት ሆኖ ስለሚወርድ ግማሹን፣ 95 ቶን ያህል፣ እንውሰድ። 15.2 ሚሊ ሜትር ኬብል የሚበጠሰው በ26 ቶን ገደማ ስለሆነ ስምንት ኬብል 208 ቶን ይይዛል። ነገር ግን ማሽኑ ሲታጠፍ ማዕዘኖቹን ከበላና መገናኛው 7 በ7 ከሆነ፣ ያው ጉልላት ወደ 129 ቶን ይወጣል። ኬብሎቹም ጭነቱን እኩል አይካፈሉም። ስለዚህ ከካርታው ላይ ሳይሆን ከቦታው ላይ ሁለቱን ሰያፍ መስመሮች በሜትር ይለኩ። የጣሪያ መውደቅ አብዛኛውን ጊዜ የሚደርሰው በመገናኛ ላይ ነውና ይህን ልኬት አይዝለሉት።

ሌላው ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር የኬብሉ መለጠጥ ነው። 2.4 ሜትር ነፃ ርዝመት ያለው ኬብል የአቅሙን ግማሽ ለመሸከም ከ1 ሴንቲ ሜትር በላይ መለጠጥ አለበት፤ ሲተከል ካልተወጠረ ደግሞ ጣሪያው ያን ያህል እስኪወርድ ድረስ ይጠብቃል። በሎንግዎል ጫና ሥር ይህ መለጠጥ ጥቅም ነው። አስቀድሞ በተላቀቀ መገናኛ ላይ ግን ጊዜ የሚሰጥ አይደለም። ስለዚህ የሚወጠረውን ዓይነት እመርጣለሁ፤ ተከላውም ጉብጠቱ ከመባባሱ በፊት ይሁን። በአሜሪካ የሙቀት ወራት (በጋ) እርጥብ አየር ሲገባ ሼሉ እየላላ ስለሚፈረፈር ከበጋው አስቀድሞ መጨረስ ይሻላል። ኬብሎቹ እስኪገቡም ከደህናው ጣሪያ ተነሥተው ክሪብ ወይም የእንጨት ቋሚ እያቆሙ ይጠጉ፤ ባልተደገፈ ጣሪያ ሥር መግባት በሕግ የተከለከለ ነው። በማዕድን ደህንነት አስተዳደሩ የጸደቀው የጣሪያ ዕቅድም ዝቅተኛው ልክ ስለሆነ ከዚያ በላይ መጨመር ማንም አይከለክልዎትም።

አብዛኛው ስሕተት ግን በተከላው ላይ ነው። ጉድጓዱ 30 ሴንቲ ሜትር አልፎ ከተቆፈረ ሬዚኑ ከኬብሉ በላይ ባዶ ቦታ ይሞላና መልህቁ ያንሳል፤ መሰርሰሪያው ላይ በቴፕ ምልክት ይደረግ። በአንድ ክረምት ከላይ ከውርጭ የገባ ሬዚን ሳይሞቅ ሥራ ላይ ዋለ። ሠራተኛው እንደወትሮው ቆጥሮ ማሽኑን ሲያወርድ ኬብሉ በዝግታ ተከትሎት ወረደ፤ ሬዚኑ ገና ሊጥ ነበር። በሌላ ጊዜ ደግሞ ሬዚኑ ፈጥኖ ደርቆ ኬብሉ 40 ሴንቲ ሜትር ውጭ ተንጠልጥሎ ቀረ። እንዲህ ያለው ኬብል ከቁጥር አይግባ፤ አጠገቡ አዲስ ይቆፈርለት። የማሽከርከሪያና የመቆያ ጊዜው ካርቶኑ ላይ በተጻፈው መሠረት እንጂ በልማድ አይሁን።

ወደ ጎን ግድግዳው ልምጣ። እዚያ ኬብል የመጀመሪያ መልስ አይደለም። የከሰል ግድግዳ በጫና ሲሰነጠቅ ብዙውን ጊዜ የሚላጠው ከፊቱ ያለው ንጣፍ ነው፤ ሰውን የሚገድለውም ይኸው በማሽኑና በግድግዳው መካከል የቆመውን የሚመታው ልጣጭ ነው። ይህን የሚይዘው መንገዱ እንደተቆፈረ ወዲያው የሚገባ አጭር ቦልት ከሽቦ መረብ ጋር ነው። መረብ ሳይኖር ኬብል ብቻ ከተተከለ ከሰሉ በፕሌቶቹ መካከል ይወርዳል። ኬብል የሚያስፈልገው ስንጥቁ ከአጭሩ ቦልት አልፎ ወደ ከሰሉ ምሰሶ (ጣሪያውን እንዲይዝ ሳይቆረጥ ወደተተወው ከሰል) ውስጥ ሲገባ፣ በተለይም የሎንግዎል ጫና በሚያርፍባቸው ምሰሶዎች ላይ ነው። ከሰል ከጣሪያው ድንጋይ ስለሚለሰልስ ሬዚኑ ረዘም ይበል፤ ከመወሰንዎ በፊትም እዚያው ከሰሉ ላይ የመሳብ ሙከራ ያድርጉ። ኋላ በሚቆረጠው የሎንግዎል ጎን ግን ብረት ኬብል አያስገቡ፤ የመቁረጫው ከበሮ ላይ ይጠመጠማል፣ ቁራጩም ማጓጓዣ ቀበቶውን ይቀድዳል። ለዚያ ጎን ማሽኑ ቆርጦት የሚያልፈውን የፋይበርግላስ ቦልት ይጠይቁ።